ለዋንጫዬ ቦታ የለም ያለችው ሚሞሪ

ካዛንቺስ ተወልዶ ያልተሰደበ ሰው የለም። እኔንም ወያላ ሰድቦኛል፣ ትራፊክ ሰድቦኛል፣ አንዴ እንደውም ኡራኤል በር ላይ የተቀመጠ ለማኝ ሳንቲም አሳነስክ ብሎ ሰድቦኛል። ሁሉንም ስቄ አልፌዋለሁ። መሳቅ የምችል ሰው ነኝ፣ ሰፈር ያውቃል። አንድ ስድብ ግን እስከዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል። የሰደበችኝ ደግሞ ሰው አይደለችም፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ጥቁር ፕላስቲክ ነች። ዋንጫ በልቼ፣ ላቤን ጠርጌ፣ አስቀምጪልኝ ስላት «ቦታ የለም» አለችኝ። ለኔ።

እኔ ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ቴሌቪዥን ስል ሬዲዮም፣ ካውያም፣ ስቶቭም፣ በቃ ሰው ተስፋ የቆረጠበትን ሶኬት ያለው ነገር ሁሉ ማለቴ ነው። ስለ ኤሌክትሪክ ትምህርት ቤት ገብቼ አንድ ቀን አልተማርኩም፤ ያስተማረኝ ንዝረት ነው። አንዴ የነዘረኝን ሽቦ ሁለተኛ አልነካም፣ ዲግሪዬ እሱ ነው። ዲግሪ በወረቀት የያዙት «ይሄማ አይሆንም፣ ይጣል» ያሉትን ስንቱን አስነስቻለሁ። ሰው የሞተ ቴሌቪዥን ታቅፎ ሱቄ ይገባል፣ ዜና የሚያነብ ቴሌቪዥን ታቅፎ ይወጣል። እንግዲህ ይሄ ሰው ነው በአንዲት ፕላስቲክ የተዋረደው።

የኳስ መጫወቻ ማሽኗ፣ ጌሟ፣ የኔ ብቻ አልነበረችም። ከጎረቤቴ ጋር ነው ግማሽ ግማሽ አዋጥተን የገዛናት። ጎረቤቴ ጫማ ነጋዴ ነው፣ ስታዲየም አካባቢ ይሸጣል። ቤታችንን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር፤ እሱ ሲያስነጥስ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው ይማርህ የምለው። ማሽኗን ያመጣው አንድ ደንበኛ ነው፣ ሲዲ ማንበብ አቁማለች ብሎ። ሌንሷን ጠርጌ ሳበቃ እንደ አዲስ ማንበብ ጀመረች፣ ባለቤቱ ግን ሰልችታው ነበርና ለሁለታችን ሸጠልን። ይሄ ከሆነ አስራ ምናምን ዓመት አልፎታል።

ጌም ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ላስረዳ። ያቺ የድሮ ማሽን በራሷ ምንም አታስታውስም። መብራት ሲጠፋ ሁሉን ትረሳለች፤ ስንት ጎል እንዳገባህ፣ ማንን እንደገዛህ፣ ማን እንደሆንክ። የምታስታውስላት ፊቷ ላይ ባለችው ቀዳዳ የምትሰካው ሚሞሪ ነች። የሚሞሪዋ ሙሉ ሆድ ስምንት ሜጋ ነው። ዛሬ ሰው ለዓውደ ዓመት በስልክ የሚላላከው የእንኳን አደረሳችሁ ቪዲዮ እንኳ ከዛ ይበልጣል። ለኛ ግን ይበቃን ነበር። ስምንት ሜጋ ውስጥ ዓመታት አስቀመጥን።

ጨዋታው አንድ ክለብ ይሰጥሃል። ስሙን አንተ ታወጣለህ፣ ተጫዋች ትገዛለህ፣ ትሸጣለህ፣ ሊግና ዋንጫ ትጫወታለህ። ሁለታችንም አንድ ወገን ነበርን፤ እኔ አጥቂ፣ እሱ ተከላካይ። ይሄ በዕጣ የሆነ እንዳይመስላችሁ፣ ጎል የሚያገባ እጅ የማን እንደሆነ ያየ ሁሉ ይፈርዳል። ስም ስናወጣ ማሽኗ አማርኛ አታውቅም፣ የምትቀበለው ፊደልም ጥቂት ነው። ጎረቤቴ የሰፈራችንን ስም በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ ብሎ ጀመረ፣ ፊደሉ አለቀበትና «ካዛን» ላይ ቆመ። የራሺያ ቡድን መሰልን። ሰርዘን የግቢያችንን የቤት ቁጥር ጻፍን፣ ልክ ገባ። ከዛ ወዲያ ያ የቀበሌ ቆርቆሮ ላይ የተለጠፈ ቁጥር የአውሮፓን ትላልቅ ሜዳ ሁሉ ዞረ። አሸነፍን፣ ወረድን፣ ወጣን፣ ሊግ በላን። ያልበላነው አንድ ነገር ነበር፣ ትልቁ ዋንጫ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ፍጻሜ ደረስን።

ጣታችን ደክሞ ነበር። «ፍጻሜ በደከመ ጣት አይጫወቱትም» አለ ጎረቤቴ። ሴቭ አድርገን አጠፋናት፣ ነገ ልንጫወት።

ነገ ግን አልተጫወትንም። ሰፈሩ ለልማት ይነሳል ሲባል ከርሞ ነበር፣ ቀኑ ደረሰ። ግቢው ሙሉ ዕቃ ማውጣት ጀመረ። አልጋ ደጅ፣ ቁምሳጥን ደጅ፣ ድስት ደጅ። ሰው ወደየደረሰው ሊበተን ስለሆነ የግቢያችን ትንሿ እድርም ዕቃዋን መከፋፈል ነበረባት። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሁሉም በፍርድ። ፈራጇ የእድሩ ዕቃ ያዥ እማማ ናቸው። ግቢው ውስጥ እሳቸው የፈረዱትን ይግባኝ ያለ የለም፣ ባላቸው እንኳ ሳይሉ ነው የሞቱት።

የኔና የጎረቤቴ ነገር የመጣው ብረት ድስቱ ካለቀ በኋላ ነው። ሁለታችንም ጌሟን ይዘን ቆመናል፣ እኔ በቀኝ እሱ በግራ። አንዳችን ድርሻውን በገንዘብ ወስዶ ይተዋት ማለት እንችል ነበር፣ ማናችንም አላልንም።

«እናንተስ በየቱ ነው የምትጣሉት?» አሉ እማማ።

«የኳሷን ማሽን ነው እማማ» አለ ጎረቤቴ። «እኔ ይዤያት ልሂድ፣ እሱ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው፣ ሌላ አያጣም።»

«እኔ ነኝ ያዳንኳት» አልኩ። «ሐኪም በሽተኛውን ለጫማ ነጋዴ አይሰጥም።»

እማማ ማሽኗን ዞር ዞር አድርገው አዩአት። ከዛ ሚሞሪዋን በጣታቸው ነካ አደረጉ። «ይቺስ?»

«እሷ ማስታወሻዋ ነች።»

«ያለሷ ይሠራል?»

«ይሠራል፣ ግን ያለፈውን ምንም አያውቅም።»

«ይቺ ብቻዋንስ?»

«ብቻዋንማ ምን ትሠራለች፣ ፕላስቲክ ነች።»

እማማ ሚሞሪዋን ነቅለው ለጎረቤቴ ሰጡት፣ ማሽኗን ወደኔ ገፏት። «ማሽኑ ላንተ፣ ማስታወሻው ለሱ። ጨዋታ ያማራችሁ ቀን ትፈላለጋላችሁ። ቀጥሎ የማን ነው፣ በርሜሉ?»

ግቢው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ግፍ አይቼ አላውቅም። ራስ የሌለው በሬ ሰጡኝ።

እኔ ቂርቆስ ወረድኩ፣ ከቄራ ጀርባ ቤት ተከራየሁ፣ ሥራዬንም አንድ ኮንቴነር ውስጥ ቀጠልኩ። ጎረቤቴ ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሰው። ድሮ ግድግዳ መታ መታ አድርጌ የምጠራው ሰው ዛሬ አንድ አውቶብስና ሁለት ታክሲ ሆነ። በስልክ «እሁድ?» እለዋለሁ። «እሁድ ሰርግ አለብኝ» ይላል። በሌላኛው እሁድ እኔ ለቅሶ አለብኝ። እንዲህ ስንባባል ወራት ሄዱ። ፍጻሜው ሚሞሪዋ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው፣ ተጫዋቾቻችን ሜዳ ሊገቡ መተላለፊያው ላይ ቆመው።

ልጄ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ትሠራለች። አንድ ቀን ትልቅ ካርቶን ይዛ መጣች፣ አዲስ ጌም። የመጨረሻው ሞዴል ባይሆንም እኔ ካለኝ በብዙ ዘመን የራቀ። «አባዬ፣ ከዛ አሮጌ ተገላገል» አለችኝ። እንባዬ ሊመጣ ነበር። ወዲያው ለጎረቤቴ ደወልኩ። «ና፣ ሚሞሪዋን ይዘህ ና፣ ፍጻሜውን እንደ ስታዲየም በሚታይ ማሽን ልናደርገው ነው።»

«ያነባታል ወይ?» አለ።

«ትንሹ ያነበባትን ትልቁ እንዴት አያነባትም? ዲያቆን ያነበበውን ቄስ ያቅተዋል?»

«እኔን ስለ ቄስ ምን ትጠይቀኛለህ።»

«ደረሳ ያነበበውን ሼህ ያቅተዋል?»

«እሱስ አያቅተውም» ብሎ መጣ።

እሁድ ከሰዓት በሬ ላይ ሲቆም የሕፃን ጫማ ካርቶን ታቅፏል። ጫማ ነጋዴ አይደል፣ ያቺን ሚሞሪ በስስ ወረቀት ጠቅልሎ፣ ከጫማ ጋር የሚመጣውን እርጥበት የሚመጥ ከረጢት አጠገቧ አድርጎ፣ በቁጥር አስራ ዘጠኝ ካርቶን ውስጥ አስተኝቷታል። አየኋትና ደስ አለኝ። ወስጄ ወደ አዲሱ ማሽን ሄድኩ።

ቀዳዳ የለውም።

በፊት አየሁ፣ በኋላ አየሁ፣ ገልብጬ አየሁ። ሽቦ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፣ የሚሞሪ ቀዳዳ ግን የለም። ልጄን ጠራኋት።

«አባዬ፣ እሱ እኮ የድሮ ነው። ይሄኛው ውስጡ ነው የሚያስቀምጠው፣ የድሮውን አያውቀውም።»

«እንዴት አያውቀውም? አባቱ እኮ ነው።»

«ሌላ ዘመን ነው በቃ።»

«እኔም ሌላ ዘመን ነኝ፣ አንቺ ታውቂኝ የለ?»

እሷ ሳቀች። ጎረቤቴ አልሳቀም። ሚሞሪዋን ከእጄ ወስዶ ወደ ካርቶኗ መለሰ። «አሮጌዋን ሸጥካት እንዴ?» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። ያኔ ነው ደሜ የፈላው። እሱ ላይ አይደለም፣ እነዚያ ማሽን የሚሠሩት ላይ። ሰው ዕድሜውን ያስቀመጠበትን ነገር አዲስ አመጣሁ ብሎ በሩን መድፈን ምን የሚሉት ሥራ ነው? አንድ የእንጨት በር እንኳ ስትቀይር ቁልፉን ለባለቤቱ ትሰጣለህ።

እሺ፣ የመጣውን ሰው ባዶ አልመልሰው፣ ሌላ ጨዋታ እንጫወት ብዬ ሲዲ ከተትኩ። ሲዲው ወደ ማሽኑ ሆድ ካልተገለበጥኩ አልጫወትም አለ። ተገለበጠ። ከዛ ማሻሻያ አውርዱልኝ አለ፣ ማሻሻያው ከራሱ ከጨዋታው ይተልቃል። ገና ከፋብሪካ የወጣ ነገር ምኑ ነው የሚሻሻለው? ልጄ በስልኳ ኢንተርኔት ከፈተችለት። ጠበቅን፣ ሻይ ጠጣን፣ ጠበቅን፣ ስለ ጫማ ገበያ አወራን። በመጨረሻ ማስቀመጫዬ ሞልቷል የሆነ ነገር አጥፉልኝ አለ። በዚህ ቤት ገና አንድ ጎል አልገባም፣ እሱ ጠግቧል። የኛዋ ስምንት ሜጋ በልታ አስራ አራት የውድድር ዘመን ተሸከመች፤ ይሄ የሷን ሺህ እጥፍ፣ ከዚያም በላይ ውጦ ባዶ እጁን ተጨማሪ ይለምናል። እንዲህ ያለ ሆዳም እንግዳ ሰርግ ቤት እንኳ አላየሁም።

«የሚመጣው እሁድ» አልኩት ጎረቤቴን ስሸኘው። «አሮጌዋ ኮንቴነር ውስጥ ነች፣ አልሸጥኳትም። አስነሳታለሁ።»

ሙሉውን ሳምንት ሠራሁ። አቧራዋን ነፋሁ፣ ሌንሷን ጠረግሁ፣ የላላ ሽቦዋን በየድኩት። ዝግጁ ስትሆን ደግሞ ቤት ያለው ስስ ቴሌቪዥን ሦስቱን ባለቀለም ሽቦ የሚቀበል ቀዳዳ የለውም። ቀዳዳ የሚባል ነገር ሁሉ ከዓለም ላይ ጠፍቷል መሰለኝ። ከኮንቴነር አንዱን ሆዳም የድሮ ቴሌቪዥን ተሸክሜ አመጣሁ። ወገቤ እስከዛሬ ያስታውሰዋል፣ እሱ ሚሞሪ አይፈልግም።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ፣ ማፈር ባልወድም። በዚያ ሳምንት አንድ ነገር ገዛሁ። አንድ ዕቃ ሻጭ ዘንድ የኛዋን የምትመስል ሚሞሪ አየሁ፣ ላይዋ ላይ መቶ ሃያ ስምንት ሜጋ ተብሎ ተጽፏል። አሰብኩት። ጎረቤቴ ሲመጣ ዞር ባለበት ክለባችንን ወደዚች ልገልብጥ፣ ከዛ ወዲያ ማሽንም ማስታወሻም እኔ ዘንድ ነው። አውቶብስና ታክሲ መጠበቅ ቀረ፣ የእማማ ፍርድም ፈረሰ። እኔ ለእማማ ፍርድ ይግባኝ ያልኩ የመጀመሪያው ሰው ነኝ፣ በድብቅ ይሁን እንጂ።

እሁድ መጣ፣ ጎረቤቴም ካርቶኑን ታቅፎ መጣ። ሚሞሪዋን ሰካት፣ ማሽኗ ተነሳች። ልንጀምር ስንል ሰዓቱን አየ። «አሱር ደርሷል፣ ሰግጄ መጣሁ፣ መስጊዱ ቅርብ ነው። እንዳትነካት።»

«ምን እነካታለሁ» አልኩ።

እሱ ጫማውን አስሮ ከበር ሲወጣ እኔ ሁለተኛውን ቀዳዳ ሞላሁ። ሰው ሊጸልይ ሲሄድ ሌብነት። እግዜር ወዲያው ነው የከፈለኝ፣ ቀጠሮም አልሰጠኝ። ክለባችንን መርጬ ገልብጪ ስላት ማሽኗ ይሄ ፋይል አይገለበጥም አለችኝ። የኔን ክለብ፣ የኔን ላብ፣ የኔን የቤት ቁጥር። ሌላ ትንሽ ነገር ልሞክር ብዬ አዲሷ ላይ ሳስቀምጥ ተቀመጠ አለች፣ ከፍቼ ሳይ ባዶ። መቶ ሃያ ስምንት የተባለው ላይዋ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ብቻ ነው። ደግሜ አስቀመጥኩ፣ ደግማ ዋሸችኝ። ወንፊት ነው የሸጠልኝ ሰውየው።

ከዛ ነው ዓይኔ ወደ ኛዋ ሚሞሪ የዞረው። ዝርዝሩን ሳየው ከክለባችን ሥር ሌላ ነገር ተደርድሯል። መኪና። የመኪና ውድድር ጨዋታ ፋይል፣ አንድ አይደለም ሁለት አይደለም። እኔ በሕይወቴ የመኪና ጌም ተጫውቼ አላውቅም። ሚሞሪዋ ግጥም ብላ ሞልታለች።

ሚሞሪዋ ብቻዋን ፕላስቲክ ነች አላልኩም? እንግዲያው የሆነ ማሽን ላይ ተሰክታ ነበር ማለት ነው። የሰው ማሽን ላይ። እኔ ለቅሶ፣ እሱ ሰርግ ስንባባል፣ እሷ ሌላ ቤት ትዞር ነበር። መጀመሪያ ያሰብኩት ፍጻሜውን ነው፤ ብቻውን ተጫውቶታል አልኩ።

ጎረቤቴ ተመልሶ ሲገባ እኔ ሁለቱንም ሚሞሪ ሰክቼ፣ ጆይስቲክ ይዤ ነው ያገኘኝ። ቀድሞ የጠየቀው እሱ ነው።

«ሁለተኛዋ ምንድነች?»

«የቷ?»

«አጠገቧ ያለችው።»

«እንግዳ ነች።»

«ማን ጠራት?»

«እሱን ተወውና መኪናዎቹን ማን ጠራቸው?»

ቁጭ አለና ካልሲውን አስተካከለ፤ መልስ ሲያጣ ካልሲ ያስተካክላል፣ የድሮ ልማዱ ነው። «ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ጌም ቤት አለ» አለ። «የኛ ዓይነት ማሽን አላቸው። ዓርብ ዓርብ እየወረድኩ…»

«ዓርብ ዓርብ።»

«ምን ላድርግ፣ እዛ ማንንም አላውቅም። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ብትመታው የሚሰማህ የለም።»

«ፍጻሜውንስ?»

«አልነካሁትም።»

«በምን አምንሃለሁ?»

«አንተ ጠጋኝ አይደለህ፣ እየው።»

አየሁት። ፋይሉ ሥር የተቀመጠበት ቀን ተጽፏል፤ ያ ቅዳሜ ነው፣ ዕቃ ማውጣት ከመጀመራችን በፊት ያለው። ወዲህ አንድም ጊዜ አልተነካም። እዛ እየሄደ የወዳጅነት ግጥሚያ ነበር የሚጫወተው፣ የማይቀመጠውን ዓይነት። እንግዲህ በዚያ ቤት ከሁለታችን ሌባው አንድ ሆነ፣ እሱም እኔ ሆንኩ። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

«መኪናዎቹ የሹፌር ናቸው» አለ። የከተማ አውቶብስ የሚነዳ የብሎኩ ጎረቤት ነው አሉ፤ ቀን ሙሉ በሰልፍ ተጎትቶ ማታ እፎይ ለማለት ጌም ቤት ገብቶ በሰዓት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ይነዳል። የጌም ቤቱ ሚሞሪ በየቀኑ እየተሰረዘ ስላስቸገረው ጎረቤቴን አስቀምጥልኝ አለው። ከዛ ክፍለ ሀገር መንገድ ሥራ ላይ መኪና ሊነዳ ሄደ። «አደራ ብሎኝ ነው የሄደው።»

«የመኪና ጌም አደራ።»

«አደራ የምን ይለያል?»

የኔዋን ወንፊት ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። «እንጫወት?» አልኩት። «እንጫወት» አለ።

ያንን ጨዋታ አሁን ብነግራችሁ የተጋነነ ይመስላችኋል፣ ስለዚህ አሳንሼ ነው የምነግራችሁ። ተቃራኒው ነጭ ለባሽ ነው፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት እንኳ ከኛ ቋሚ ይበልጣሉ። ገና እንደተጀመረ አገቡብን። ጎረቤቴ የመከላከያ ቦታውን ትቶ ወጥቶ ነው፤ ነግሬዋለሁ፣ ዛሬም አያምንም። ከዕረፍት በኋላ ከማዕዘን ምት በግንባር አገባሁ። ተጨማሪ ሰዓት ገባን። አምፖሉ አንዴ ብልጭ ብሎ መብራት ሊሄድ ሲል ሁለታችንም ትንፋሻችንን ያዝን፣ ማሽኗ ግን አልጠፋችም። ሊያልቅ ሲል ጎረቤቴ ነጥቆ ሰጠኝ፣ አንዱን አለፍኩ፣ በረኛውን አስተኛሁት፣ አገባሁ። ሁለት ለአንድ። ዋንጫውን የኛ አምበል አነሳው፣ ከሥሩ የቤት ቁጥራችን ተጻፈ። ያ ቁጥር የተለጠፈበት ቆርቆሮ አሁን የት እንዳለ እንጃ፣ እዛ ግን በወርቅ ቀለም ተጽፎ እየበራ ነበር። ጎረቤቴ ትከሻዬን ያዘኝ። እኔ አላለቀስኩም፣ የድሮ ቴሌቪዥን ጨረር ዓይን ያቃጥላል።

ከዛ ማሽኗ ይቀመጥ ወይ ብላ ጠየቀች። አዎ አልኩ። ቦታ የለም አለች።

«አሮጌው ላይ ደርቢበት» አልኳት፣ እንደ ሰው። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ ያ ጨዋታ አዲሱን ጽፎ ሳይጨርስ አሮጌውን አይሰርዝም። ጠንቃቃ ነኝ ባይ ነው። ለትንሽ ጊዜ የሁለት ቦታ ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ቦታ ላይ ደግሞ የሹፌሩ መኪናዎች ቆመውበታል። ዋንጫዬ ፓርኪንግ አጣ።

«አንዱን መኪና እናጥፋ» አልኩ።

«አይሆንም» አለ ጎረቤቴ።

«አንዱን ብቻ፣ ትንሹን።»

«አደራ ነው አልኩህ።»

«ደውልለት።»

ደወለ፣ ድምፁን ከፍ አደረገው። ሹፌሩ ከአቧራ ውስጥ ነው የሚያወራው። ነገሩን አስረዳሁት፣ ጋሼ እያለ በትህትና ሰማኝ። «ጋሼ፣ ሁለት ውድድር ነው የቀረኝ፣ ሻምፒዮን ልሆን። ሰባት ወር ነው የነዳሁት። እባክዎት አይንኩብኝ፣ ሥራው ሲያልቅ መጥቼ እጨርሰዋለሁ።»

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

«መንገዱ ሲያልቅ ነዋ ጋሼ።»

በዚች አገር መንገድ ሲያልቅ አየሁ የሚል ሰው ካለ ያሳየኝ።

ስልኩን ዘጋሁት። ማሽኗ አሁንም ፊቴ ላይ እየጠበቀች ነው፣ አጥፋ ወይም ተው እያለች። ትተናት ሌላ ቤት ሚሞሪ ፍለጋ ብንሄድ፣ ሚሞሪ የተባለው ሁሉ የኔዋ ዓይነት ወንፊት ነው። እንዳለች ብናቆያት፣ መብራት ለማን ይቆማል። አስራ ምናምን ዓመት የለፋሁበት ዋንጫ እጄ ላይ ነው፣ የሚቀመጥበት ግን የለም። ለአንድ ዋንጫ። ጥፍር የሚያክል ቦታ። ጎረቤቴ ጣቱን ዘርግቶ መዝጊያዋን ተጫነ። ቴሌቪዥኑ ጠቆረ፣ ዋንጫው ሄደ።

«የሚመጣው እሁድ ደግመን እንበላዋለን» አለ።

«የበላሁትን ነው ደግሜ የምበላው?»

«አንተ አይደለህ ጎል ከእጄ አይወጣም የምትለው?»

የሚመጣው እሁድ መጣ። ሦስት ለባዶ ተሸነፍን፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አልናገርም። ሳይቀመጥ ስለጠፋ ሽንፈቱም ሄደ፤ ይሄ እንኳ ደህና ነው። በቀጣዩ በላን። በቀጣዩ በፍጹም ቅጣት ምት በላን። አሁን እሱ ካርቶኑን ታቅፎ እሁድ እሁድ ይመጣል፣ ለሰርግ እንኳ ቀድሞ ሄዶ ቶሎ ይወጣል። የኔም ለቅሶ ቅዳሜ ላይ ሆኗል። ፍጻሜውን ዘጠኝ ጊዜ በልቼዋለሁ፣ ስድስት ጊዜ ደግሞ ተሸንፈናል። በዓለም ላይ አንድን ዋንጫ ዘጠኝ ጊዜ በልቶ አንድም ማስረጃ የሌለው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ለሰው ብነግረው ፎቶ አሳየን ይለኛል። ፎቶ አንስተን ነበር፣ የድሮ ቴሌቪዥን በስልክ ሲነሳ ጥቁር መስመር ብቻ ነው የሚወጣው። እማማን መንገድ ላይ አግኝቼ በእሳቸው ፍርድ የደረሰብኝን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኳቸው። «ታዲያ ትገናኛላችሁ?» አሉኝ። እንገናኛለን አልኳቸው። «እንግዲያው ምን ሆንኩ ትላለህ» ብለውኝ ጥለውኝ ሄዱ።

ባለፈው ሐሙስ ኮንቴነሬ ውስጥ ሆኜ ስልክ ጮኸ። ሹፌሩ ነው።

«ጋሼ፣ ጎረቤትዎን አጥቼ፣ ቀድሞ በሰጠኝ ቁጥርዎ ነው እርስዎ ጋ የደወልኩት። በኔ በኩል ያለው መንገድ አለቀ። እመጣና ሁለቱን ውድድር ጨርሼ መኪናዎቼን አነሳልዎታለሁ። በጣም አስቸገርኩዎት፣ ቦታ ዘግቼ።»

እኔ የሰው ቴሌቪዥን ከፍቼ ነበር፣ መበየጃው እጄ ላይ ይጨሳል። አስቀመጥኩትና እሁድን አሰብኩ።

«ምን አስቸኮለህ» አልኩት። «መንገድ አዲስ ሲሆን ያንሸራትታል። ቀስ ብለህ ንዳ።»